የጣራ ሠሪው ጣራ

ተረት አለኝ ተረት፤ ክፈቱልኝ የጆሮን በረት። ጠጋ በሉ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ አንዲት ነገር ከዘለልሁ ተረቱ ይጣመምብኛል።

በድሮ ዘመን ቀጨሞ በምትባል መንደር ሙጬ የሚባል ጣራ ሠሪ ነበር። ወራጁን ይጠርባል፣ ማገሩን ያስራል፣ በሰንበሌጥ ይከድናል። በቀጨሞ ሙጬ ያልከደነው ቤት አልነበረም። የሀብታሙን ከድኗል። የድኻውን ከድኗል። የፍየሉን ጋጣ እንኳ ከድኗል። «የሙጬ ጣራ ዝናብን ያሳፍራል» ይሉ ነበር ሰዎቹ።

የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹም ጎሹ ይባሉ ነበር። አንድ ቀይ በሬ ነበራቸው፤ በአንገቱ ቃጭል ያንጠለጠለ። በሬው ከሩቅ ሲመጣ ቃጭሉ ቀድሞ ይሰማል። አንድ የኅዳር ቀን ግን ቃጭሉ ሳይሰማ መሸ። ጭቃ ሹሙ ወጥተው ጮኹ።

«ተሰረቅሁ!» አሉ። ጠፋብኝ አላሉም። ጓሯቸውን አላዩም፣ ገደሉን አላዩም። ተሰረቅሁ አሉ፤ በማግሥቱም አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ እናንተ አታውቁትም፤ ልንገራችሁ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ነገሩ በጠፋበት ቦታ በእሾህ አጥር ውስጥ ይገባል። ሌባው ሳይታወቅ ማንም አይወጣም። አንድ በአንድ ከዛፍ ጀርባ እየሄደ የሚያውቀውን ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል። ሹክ ያለው ሰው ወፍ ይባላል። ሽማግሌው ወፉን እንዳያወጣ ምሏል። የተጠራውን ስም ብቻ ለሕዝቡ ይናገራል፤ ሌላውን ቃል በሆዱ ይዞ ይቀራል።

በቀጨሞ ያ ሽማግሌ አባ መንክር ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ገባ። ሙጬ ግን ዘግይቶ መጣ። የውብዳር የምትባል ባልቴት ጣራ ላይ ነበር። ጉልላቱ ሳይታሰር ጣራ ጥሎ አይወረድም፤ ነፋስ ይወስደዋል። አስሮ ወረደ፤ እየሮጠ መጣ። በዚያ ቀን ወፍ አልተናገረም።

በሁለተኛው ቀን ዝንጀሮ ማሽላው ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው የዝንጀሮውን ጩኸት ይሰማሉ። እህላቸው ሲበላ ይሰማሉ። መውጣት ግን አይችሉም። በዚያም ቀን ወፍ አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ራበው። ማሽላው አለቀ ተባለ። «ኧረ አንድ ሰው ይናገርና እንውጣ!» ይላል ይሄኛው። «ማንም ይሁን ማን!» ይላል ያኛው። ያን ጊዜ አባ መንክር ከዛፉ ጀርባ ወጡ። ፊታቸው ከስሏል።

«ወፍ ተናግሯል» አሉ። «ሙጬ።»

«እውነትም ዘግይቶ ነበር የመጣ» አለ አንዱ።

«አዎ፣ ዘግይቷል» አለ ሌላው።

የውብዳር ከአጥሩ ውጭ ሆና ጮኸች። «የእኔ ጣራ ላይ ነበር እኮ! እናንተ ሰዎች፣ የእኔ ጣራ ላይ ነበር!» ሴት ግን በአውጫጭኝ አትጠየቅም። የሰማትም አልነበረም፤ ሁሉም አጥሩን ዘልሎ ወደ ማሽላው ይሮጥ ነበር።

በዚያ አገር ልማድ የሌባ ቤት ጣራው ይነሣል። ሙጬ የከደነላቸው እጆች የሙጬን ጣራ አፈረሱት። አንዱ ወራጁን ወሰደ፣ አንዱ ማገሩን፣ አንዱ በሩን። መሬቱን ጎረቤቱ ክንዴ ያዘው። ክንዴ ትከሻው የበሬ፣ ሣቁ የነጎድጓድ ነው። ከሙጬ ማሳ ጋር ይዋሰን ነበርና ድንበሩን በአንድ ቀን አርሶ አጠፋው።

ሙጬን ወደ አገረ ገዢው አምባ ወሰዱት። በእግሩ ብረት አስገቡ፤ ብረቱን ከግንድ ጋር አሰሩት። ሰንሰለቱ አራት እርምጃ ያስኬዳል። አራት እርምጃ ይሄዳል፣ ይዞራል። አራት እርምጃ ይመለሳል፣ ይዞራል። እንዲህ ሲል ሰባት ዓመት ሄደ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ከቀረው ግድግዳ ሥር ዳስ ጥላ ተቀመጠች። በሰባተኛው ዓመት በልግ ሣር ልታጭድ ወደ ጭቃ ሹሙ ጓሮ ወረደች። ዝናቡ ምድሩን ንዶት አንድ የቆየ የእህል ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ጎንበስ ብላ አየች። አጥንት አየች። ሁለት ቀንድ አየች። በአንገቱ አጥንት ላይ ቃጭል አየች።

በሬው አልተሰረቀም ነበር። ጭቃ ሹሙ ረስተውት ሣር በበቀለበት በገዛ ጉድጓዳቸው ገብቶ ሞቶ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ሰሙና ላብ አጠመቃቸው። «ማንጠግቦሽ ልጄ፣ እስቲ ቆይ፤ ቀስ ብለን እንነጋገርበት» አሏት። እሷ ግን ቃጭሉን ይዛ ወደ አምባው ወጣች። ዘበኞቹ «ጌታው ምግብ ላይ ናቸው» ብለው መለሷት። ወረደች። ሁለተኛ ወጣች። «ጌታው ችሎት ላይ ናቸው» ብለው መለሷት። ወረደች። ሦስተኛ ወጣች። አሁን ምንም አልተናገረችም። ከበሩ ቁጭ ብላ ቃጭሉን ታንቃጭል ጀመር። ጧት አንቃጨለች። ቀትር ላይ አንቃጨለች። አገረ ገዢው ጆሯቸውን ይዘው ወጡ።

«ምን ዓይነት ላም ናት ይቺ!»

«ላም አይደለሁም ጌታዬ» አለች። «በሬው ነው የመጣ። ሌባ እንደሌለው ሊናገር መጥቷል።»

የሙጬ ብረት ተቆረጠ። በገበያ ነጋሪት ተጎሰመ። «ሙጬ ንጹሕ ነው! መሬቱ ይመለስለት!» ተባለ። ሰማችሁ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ አዎ። ግን የጠራ ሰማይ ጣራ አይሆንም።

ሙጬ ከፋሲካ በኋላ ቤቱ ገባ። ቤት አልኩ እንጂ ግድግዳ ነው። ብረቱ ከእግሩ ወጥቷል፤ እግሩ ግን ይህን አላወቀም። አራት እርምጃ ይሄዳል፣ ይዞራል። ውሻ ሲጮህ ብድግ ይላል። ሰው ሲያልፍ ብድግ ይላል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ መብላት አይችልም።

«ተቀመጥ እንጂ አንተ ሰው» ትለዋለች ማንጠግቦሽ።

«ተቀምጫለሁ» ይላል ቆሞ።

ክረምት ሳይገባ ቤቱን መክደን ነበረበት። ግድግዳው አንድ ክረምት ቢጨምር ይናዳል፤ ማንጠግቦሽም በየሌቱ ማሳል ጀምራለች። ስለዚህ ወራጅ ቆረጠ። እንጨት ግን አነሰው፤ ደኑ በሰባት ዓመት ሳስቷል። ያለውን ያህል አሰረ። የጣራውን አጽም በግቢው መሬት ላይ አቆመው፤ እዚህም እዚያም ክፍተት ነበረበት። እንዲህ ያለውን ጣራ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ለመጫን ሃያ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ደቦ ጠራ።

ማንጠግቦሽ ጠላ ጠመቀች። ሙጬ በር ላይ ቆመ። ፀሐይ ወጣ፤ ማንም አልመጣም። ፀሐይ አዘቀዘቀ፤ ማንም አልመጣም። በማግሥቱ ሲጠይቅ አንዱ «በሬዬ ታሞብኝ» አለ፤ አንዱ «ልቅሶ ነበረብኝ» አለ።

ሁለተኛ ደቦ ጠራ። ማንም አልመጣም። «እግሬ ቆስሎ» አለ አንዱ። «አማቼ መጥተው» አለ ሌላው።

ሦስተኛ ደቦ ጠራ። ጠላው ሆመጠጠ። ከምሥራቅ በኩል የመጀመሪያው ደመና ታየ።

ደቦተኛ አልመጣም፤ መሬቱን ገና ያልለቀቀው ክንዴ ግን መጣ። ወደ ጣራው አጽም አየ፣ ወደ ደመናው አየ።

«ወንድሜ ሙጬ» አለ። «ስም እንደ እንስራ ነው። አንዴ ከተሰበረ ውሃ አይዝም። እነዚህ ሰዎች አያምኑህም። መሬቱን ተውልኝ፤ በቅሎዬን ልስጥህና ወደማያውቁህ አገር ሂድ።»

«ላስብበት» አለ ሙጬ።

ክንዴ ከሙጬ ግቢ ወጥቶ ወደየቤቱ ሄደ። ለየቤቱ አንድ ነገር ሹክ አለ። «ሙጬ ወፉን እያደነ ነው። ግቢው የገባውን ሁሉ ዐይን ዐይኑን ያየዋል። ወፉን ያወቀ ቀን በእንጨት ነው የሚለው።» ሰዉም ፈራ። በዚያ በር ማለፍ እንኳ ተወ፤ ውሃ ለመቅዳት በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር።

ሙጬ የክዳን ገመዱን ጠቀለለ። አራት እርምጃ ሄደ፣ ዞረ። «እንሂድ» አለ ሚስቱን። «ለቀጨሞ እስከ ዕለተ ሞቴ ሌባ ነኝ።»

«ቆይ» አለች ማንጠግቦሽ። «መንገድ ላይ ሲያገኙህ ወዴት ያያሉ?»

«ወደ መሬት።»

«ወደ እጅህ አያዩም?»

ሙጬ አሰበ። «አያዩም። ወደ እግሬ ነው የሚያዩ።»

«በል እንግዲህ። ሌባ የሚጠረጥር ሰው እጅ ያያል። እነዚህ ብረቱ የነበረበትን ነው የሚያዩ። አላመኑህም ማለት አይደለም፤ አምነውሃል። ያመኑህ ለታ ነው ማፈር የጀመሩ። ያፈረ ሰው ደግሞ በደቦ አይጠራም። በምን እንደሚጠራ አንተ ታውቃለህ።»

ሙጬ ገመዱን አስቀመጠ። በማግሥቱ ወደ ጭቃ ሹም ጎሹ ሄደ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

«ጌታዬ፣ ተሰርቄያለሁ» አለ።

ጭቃ ሹሙ ደነገጡ። «ምን ተሰረቅህ?»

«ጣራ። ሃያ አራት ወራጅ፣ አንድ በር፣ ማገሩ ብዙ ነው። እኔ ሌባ ካልሆንኩ ጣራዬ የሌባ ጣራ አልነበረም። ማን እንደወሰደው አላውቅም። የጠፋበት ሰው አውጫጭኝ ይጠራ የለም?»

ጭቃ ሹሙ ጺማቸውን ያዙ። እምቢ እንዳይሉ ሕጉ የራሳቸው ነው። እሺ እንዳይሉ ወራጁ በእሳቸውም ጋጣ ውስጥ አለ።

«ይጠራል» አሉ በመጨረሻ።

«ነገሩ በጠፋበት ቦታ ነው አይደል?»

«በጠፋበት ቦታ ነው» አሉ።

ከደቦ መቅረት ይቻላል፤ ከአውጫጭኝ መቅረት ግን አይቻልም። የቀጨሞ ወንድ ሁሉ በሙጬ ግቢ ገባ። በእሾህ ታጠረ። ከመካከላቸው የጣራው አጽም እንደ ሞተ ዝሆን ተጋድሟል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ከዛፉ ጀርባ ሄዱ። አባ መንክር ጆሯቸውን ሰጡ። አሁን በጣም አርጅተዋል፤ በበትር ነው የሚቆሙ። ወፍ አልተናገረም። ማን በማን ላይ ይናገር? ሁሉም ወስዷል።

በሁለተኛው ቀን ደመናው ጠቆረ። ሰዉ ይቁነጠነጥ ጀመር። አንዱ ይነሣል፣ አራት እርምጃ ይሄዳል፣ እሾህ ያገኛል፣ ይዞራል። ሌላው ይነሣል፣ አራት እርምጃ ይሄዳል፣ ይዞራል። ሙጬ ያያቸው ነበር። በዚያም ቀን ወፍ አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ነጎድጓድ ተሰማ። ሰዉ ሰማዩን አየ፣ ጣራውን አየ፣ እግሩን አየ። ያን ጊዜ ከአጥሩ በላይ አንድ ወራጅ እየተወረወረ መጣና ዷ! ብሎ ከመካከላቸው ወደቀ።

ከውጭ የየውብዳር ድምፅ ተሰማ። «ይኸው! ልጄ ያኔ ያመጣው ነው። ሰባት ዓመት የበጌን በረት ደግፏል። ሴት በአውጫጭኝ አትናገርም ብላችኋል፤ እኔ አልተናገርኩም፤ እንጨቱ ነው የተናገረ!»

ከዚያ የየውብዳር ልጅ ተነሣ። ከዛፉ ጀርባ አልሄደም። በሰው ፊት ቆመ።

«እኔ ወስጃለሁ» አለ። «ሙጬ፣ የእናቴን ጣራ ከድነህ ሳለ ጣራህን አፍርሻለሁ።»

ሌላው ተነሣ። «እኔ ሁለት ወራጅ ወስጃለሁ፤ አልጋ ሠርቼበታለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደህና ተኝቼ አላውቅም።»

«ተኝተህ አታውቅ እንጂ ስድስት ልጅ ወልደህበታል!» አለው ጎረቤቱ።

«እኔ በሩን» አለ ሌላው። «እኔ ማገሩን» አለ ሌላው። ጭቃ ሹም ጎሹም ተነሡ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«በእኔ ጋጣ አራት ወራጅ አለ» አሉ። «ጉድጓዱም የእኔ ነበር። ሰው ከመክሰሴ በፊት ጓሮዬን ማየት ነበረብኝ።»

ወፍ የነበረው ሁሉ በአንድ ጧት ሰው ሆነ። ሴቶቹ ሰምተው ከየቤቱ እንጨቱን ተሸክመው መጡ፤ በአጥሩ ላይ አቀበሉ። ሙጬ ወራጁን እየተቀበለ በክፍተቱ አሰረ። የራሱን ጥርብ በጣቱ እየዳበሰ ያውቀው ነበር።

ክንዴ ብቻ አልተነሣም። «እኔ የወሰድሁት እንጨት የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ መሬት እንጂ እንጨት አልወሰደም።

ሙጬ ቋጠሮውን ሳይለቅ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እንጨቱ ይብቃ። ያኔ ስሜን በጠራው ወፍ ላይም ቂም የለኝም። አንዲት ነገር ብቻ ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። አምባ ላይ ሳለሁ የሰማኋት ናት። ወፉ ‹ሙጬ በሬውን በጭራው እየጎተተ ሲሄድ አየሁ› ብሏል አሉ። እውነት የቀጨሞ ሰው ይህን አመነ?»

ሰዉ ሣቀ። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሣቅ ነበር። ክንዴ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሣቀ፤ ሣቁ ነጎድጓድ ነው ብያችኋለሁ።

«በጭራው!» አለ። «ምን ዓይነት ቂል ነው በሬ በጭራው የሚጎትት! በክዳን ገመድህ አስረህ ነው እንጂ!»

ሣቁ ቆመ።

ሙጬ ቀና አለ። «ክንዴ ወንድሜ» አለ። «የክዳን ገመዱን ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ያውቃል!»

«እኔ አላውቅም» አሉ ጭቃ ሹሙ። «የሰማነው ስም ብቻ ነው።»

«እኔም ገመድ የሚባል አልሰማሁ።»

«እኔም።»

የአባ መንክር በትር ከእጃቸው ወደቀ። ምለዋልና አልተናገሩም። በትራቸውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ፤ ቀና ማለት ግን አቃታቸው። ሰባት ዓመት በሆዳቸው የተሸከሙት ቃል በክንዴ አፍ ወጥቷል።

ክንዴ ወደ እሾሁ አየ። እሾሁ ጥብቅ ነበር።

«ብረት ይግባ!» አለ ሕዝቡ። «ሰባት ዓመት ይታሰር!»

ሙጬ እግሩን አየ። «አይግባ» አለ። «ብረት ከሰው እግር ቶሎ አይወጣም፤ እኔ አውቀዋለሁ። መሬቴን ከነድንበሩ ይመልስ። የበሬውን ቃጭል በአንገቱ ይሰርና ሦስት ገበያ ይዙር። ‹ሙጬን በሐሰት የጠራሁ ወፍ እኔ ነኝ› ይበል፤ ነጋሪት ያልደረሰበት ጓዳ ድረስ ይሰማ። አሁን ግን ደመናው ደርሷል። ክንዴ፣ ትከሻህ ጥሩ ነው። ምሰሶውን ያዝ።»

ክንዴ ምሰሶውን ያዘ። ሌላው ጣራውን ከበበ።

«ያዝ!» አለ ሙጬ።

«ይዘናል!»

«አንሣ!»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? የሞተው ዝሆን ተነሣ። ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። ሰንበሌጡ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ነዶ ተወረወረ፣ ነዶ ተቀበለ። ሙጬ ከላይ ሆኖ ከደነ። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ሰዉ «ውረድ!» ይለዋል። «ጉልላቱ ሳይታሰር አይወረድም» ይላል እሱ። ጉልላቱን አስሮ ሲወርድ የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች።

ሁሉም ቤት ውስጥ ገባ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆመ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል፤ ጠብታ ግን አልገባም። አባ መንክር ቀስ ብለው የሙጬን እግር በእጃቸው ነኩት።

ሙጬን እግሩ ሂድ ሂድ አለው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። አንድ ሄደ። ሁለት ሄደ። ሦስት ሄደ። አራት ሄደ። ቆመ። እግሩ ሊዞር ፈለገ።

«አምስት» አለች ማንጠግቦሽ ከበሩ አጠገብ።

ሙጬ አምስተኛውን ረገጠ። ወደ ኋላው አየ። የጎተተው ነገር አልነበረም።

በአንድ ቀን ተፈወሰ አልላችሁም፤ ዋሽቼ ባስደስታችሁ ደግ አይደለም። ከዚያ በኋላም ውሻ ሲጮህ ብድግ ይል ነበር። ብዙ ጊዜም በአራተኛው ላይ ይዞር ነበር። ማንጠግቦሽ ግን ከጓዳ ሆና «አምስት!» ትለዋለች፤ ይሥቅና ይጨምራል። ክንዴ ሦስት ገበያ ዞረ፤ ቃጭሉን ከፈታ በኋላ እንኳ ፍየሎች ሲያዩት ይከተሉት ነበር ይባላል። ጭቃ ሹም ጎሹ ጉድጓዱን በገዛ እጃቸው ደፈኑ። በቀጨሞም ደቦ በተጠራ ቁጥር ሙጬ ከሁሉ በፊት ይጠራ ነበር።

አባቶች ከዚያ ወዲህ እንዲህ አሉ፦ በሹክሹክታ የፈረሰውን ቤት ነጋሪት አይከድነውም፤ ያፈረሰው እጅ ነው የሚከድነው።

ተረቴን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ አፌን በውሃም ቢሆን አርሱልኝ።